ከጀሶ የወጣ ክንድ

ጉልቤ፣

ቁልፉን ለጥበቃው ሰጥቼዋለሁ። ብረቶቹ አልጋህ ስር ናቸው። የትልቁ ብሎን ላልቷል፤ ሳታጠብቀው እንዳታነሳ። ከዛሬ ጀምሮ የማድረው እንጨት ቤት፣ ሥራ ቦታዬ ነው። አትፈልገኝ።

ከመሰላል ወድቄ የተሰበረው ክንዴ ከጀሶ ሲወጣ ሸንበቆ መስሎ ነበር። ልጄን ማቀፍ አቅቶኝ ሳለቅስ ያየኸኝ አንተ ነህ። ሚስቴ፣ እህትህ፣ ከቤት ስታስወጣኝ ያስጠጋኸኝም አንተ ነህ። ብረት ማንሳት አስተማርከኝ። በየቀኑ ካላነሳሁ ስል፣ «ጡንቻ የሚያድገው ስታርፍ ነው። ብላ፣ ተኛ፣ አትቸኩል» ትለኝ ነበር። እውነትህን ነው፣ ክንዴ ሞላ። ውለታህን አልክድም።

ግን ዛሬ ጠዋትም «የእረፍት ቀንህ ነው፣ ተኛ» አልከኝ።
እህትህና ልጄ ከተማውን ለቀው ጠቅልለው እንደሚሄዱ እያወቅክ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የሰማሁት ከእህትህ ጎረቤት ነው። መናኸሪያ ስደርስ አውቶቡሱ ሞተር አስነስቷል። እህትህ ፊቷን አዞረች፣ ልጄ ግን ሮጣ መጣች። በሁለት እጄ ብድግ አደረግኳት። ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ አድርጋ፣

«አባዬ፣ እጅህ ዳነ! አጎቴ እኮ እጁ ሲድን ወደ ቤት ይመለሳል ብሎኛል። በቃ፣ አብረኸን ና!» አለችኝ።

ሹፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ እኔው ተሸክሜ አሳፈርኳት።

እሁድ ስትደውልልህ፣ ለምን አብሬያት እንዳልሄድኩ አንተው ንገራት። እኔ አፌ እምቢ አለኝ።