በፍልሰታ ለውሻህ የሰጠሁት ኮክ

ይድረስ በእስክንድርያ ለሚማረው ልጄ ለኃይለማርያም። የአራዳው ጊዮርጊስ በሄድህበት ይቅደምልህ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትታዘበኝ፤ ቀኝ እጄ ስለ ቆሰለ በግራዬ ነው የጻፍሁት።

በፍልሰታ አጥንት ከደጄ አይደርስም ብዬ፣ ውሻህን ታማኝን ኮክ ከነፍሬው አበላሁት። ፍሬው ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ አረፋ ሲደፍቅ፣ ጎረቤታችን አጥናፉ «እሜቴ ይሽሹ፣ አብዷል!» ብሎ ጎኑን በዱላ ቀጠቀጠው። ዱላውን ነጥቄ አጥናፉን ግንባሩን ፈነከትሁትና እጄን ወደ ውሻው ጉሮሮ ሰደድሁ። መዳፌን እስኪበሳው ነከሰኝ፤ ፍሬውን ግን ጎትቼ አወጣሁ።

የንስሐ አባቴ «ውሻን አስጹሚ ያለሽ ማነው?» ብለው ተቆጡኝ። ከእንግዲህ ኮክ ቢያምረው ፍሬውን አውጥቼ፣ ቆራርሼ ነው የምሰጠው።

ድንግል በጤና ታገናኘን። ታማኝ ቁስሌን እየላሰ ይቅር ብሎኛል፤ አንተም ይቅር በለኝ።

እናትህ ሰርክአዲስ