«አንተ ቅደም» ያመጣብኝ ጣጣ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፣ ለወይዘሮ አስረሳሽ፤

እምዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤና ነኝ፤ አንጀቴ ግን አሯል።

ለእህቴ ለሰሎሜ ሠርግ ከጥምቀት በፊት እደርሳለሁ ብዬሽ አልነበር? የዓመት ፈቃድ ተፈርሞልኝ፣ ጓዜን ሸክፌ ልነሳ ስል ጉድ መጣ። በዚህ ሁሉ አሶሳ ያለው መኪና በጣት የሚቆጠር ነው። ሁለቱ ሄደው ሄደው መሥሪያ ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ይላተሙ?

እኔ ፒካፔን ከማንጎው ጥላ ሥር ወደ ኋላ ላወጣ፣ ሀይደርም ከትይዩ ላንድክሩዘሩን ወደ ኋላ ሊያወጣ ተነሳን። ሀይደር የዚሁ አገር ልጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ የቢሯችን ሌላው ሾፌር፣ ሲበዛ ጨዋ። በመስኮት ብቅ ብሎ አንተ ቅደም አለኝ። እኔስ ያንቺ ልጅ አይደለሁ? ኧረ በሞቴ አንተ ቅደም አልኩት። ወላሂ አንተ አለ። በማርያም ብዬ ገዘትኩት። በመጨረሻ እሱ ግዝቴን ፈርቶ፣ እኔ መሐላው ከብዶኝ፣ እሺ ብለን እኩል ነዳነው። ድው! የኔ የኋላ መብራት እንክትክት፣ የሱ የኋላ በር ጭርምት አለ።

ትራፊክ ተጠራ። ሕጉ የሚቀጣው ቅድሚያ የከለከለውን ነው፣ እናንተ ሁለታችሁም ሰጥታችኋል፤ ደግሞም ግቢ መንገድ አይደለም ብሎን ሄደ። ክልሉ አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፤ ወንበር ገና አልሞላም፣ ኮሚቴ ግን ሞልቷል! ጥፋተኛው እስኪለይ መኪኖቹ ንቅንቅ እንዳይሉ፣ የኔም ፈቃድ እንዲታገድ፣ ጥፋተኛ የተባለውም ከሥራ እንዲሰናበት ተወሰነ። የጥበቃው ዶሮዎች ላንድክሩዘሩ ላይ ማደር ጀምረዋል። ሰብሳቢው አቶ ይገረም በየማለዳው መኪኖቹን ይዞር ይዞርና ማን ነው የቀደመው ይለናል። ማናችንም አልቀደምንም እንላለን። ይኸው ነው ሥራችን።

ትናንት ስብሰባው ላይ ሀይደር ድንገት ተነስቶ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ክው አልኩ። ለካ የሠርጉን ነገር ሰምቶ፣ ሄዶ እህቱን ይዳር ብሎ ነው። ዝም ብል ኖሮ ዛሬ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ግን ሚስቱ ሀምዲያ አራስ ናት። የአራስ ጉሮሮ ዘግቼ ነው እህቴን የምድረው? ተነሳሁና የለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። እሱ ወላሂ የኔ ነው፣ እኔ በማርያም የኔ ነው! አቶ ይገረም ጠረጴዛውን ደልቆ፣ እስከ ዛሬ ጥፋተኛ አጣን፣ አሁን ደግሞ ሁለት ሆናችሁብን ብሎ ለየካቲት ቀጠረን።

እንግዲህ ሠርጉ ላይ የለሁም። አልቅሼ ቢወጣልኝ ደስ ባለኝ።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ቢሻውን ድንኳኑን በኔ ፈንታ ትከል በይው። እትዬ የዝናሽን ከነልጆቿ ሰላም በይልኝ። ሰሎሜን ግንባሯን ስመሽ፣ ወንድምሽ ንቆሽ አይደለም የቀረው በያት። አደራ እምዬ፣ አማቾቿ ደጃፍ ላይ አንቺ ቅደሚ ካሉሽ እሺ ብለሽ ግቢ። እኔ ቶሎ እሺ ባለማለቴ ነው እህቴን ሳልድር የቀረሁት።

ልጅሽ ምንውየለት
አሶሳ፣ ጥር 4 ቀን 1988 ዓ.ም.