ለአምቡላንሷ የምትሆን ትንሽ ኮምፒውተር

ዳንግላ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሰርክአዲስ፣

እንደምን ሰንብተሻል? የፑኔ ሙቀት በረድ አለልሽ ወይ? እናትሽ ደህና ናት፤ ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ጉልበቷም ተሽሏታል። ላሚቱ ወልዳለች፣ ጥጃዋ ጥቁር ናት፣ ስም እንድታወጪላት እየጠበቅንሽ ነው። ስለ እኔ ጤና ወደ ታች እጽፍልሻለሁ። እንደ ልማዴ "ደህና ነኝ" ብዬ ማለፍ ዛሬ አልፈለግሁም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ጎረቤታችን አስማረ ነው። ወንድሙን ለኩላሊት ሕክምና አንቺ ወዳለሽበት ወደ ሕንድ ይዞ ሰኞ ከዳንግላ ይነሳል፤ ሲመለስ ያቺን ትንሽ ኮምፒውተር፣ ቦርዷን፣ እንዲያመጣልኝ ለምኜዋለሁ። በቴሌግራም መጻፍ እችል ነበር፤ ግን ስልኬን እናትሽም ታነበዋለች፣ ይህን ነገር ደግሞ መጀመሪያ አንቺ እንድታውቂው ፈለግሁ። ጽሕፈቴ ከተንጋደደብሽ ታገሺኝ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቦርዷ ልንገርሽ። አምቡላንሷ ላይ የተገጠመው ስክሪን ስልክ የሚቀበለው በገመድ ብቻ ነው። ስልኩ ሲሰካ አንቺ የሠራሽልኝ ካርታ ይመጣል፣ የደዋዩ ስም ይመጣል፣ ድምፁም በስፒከር ጎላ ብሎ ይሰማል። ገመዱ ሲነቀል ሁሉም ድርግም ነው። መንገዳችንን መቼም አትረሺውም፤ ከአስፋልቱ ወጥቼ አንድ ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ይነቀላል። ስልኩን መስታወቱ ላይ በማጣበቂያ ሞክሬ ሁለት ጊዜ እግሬ ሥር ወድቋል። ስለዚህ "አባዬ፣ ትንሽ ኮምፒውተር መኪናው ላይ አንዴ ተሰክታ ትቀራለች፣ ስልክህ ኪስህ ውስጥ እንዳለ በአየር ታገናኘዋለች" ስትዪኝ የተደሰትኩትን ደስታ በስልክ ሰምተሽዋል።

አንቺ ትልቁን ቦርድ ምረጥ ብለሽኝ ነበር። ኃይለኛ ነው፣ ወደፊትም ያገለግልሃል አልሽኝ። የስልክ ጠጋኙ ሙሐባው ትልቁን ከቆሰበር ከጓደኛው ተውሶ አመጣልኝና ሞከርነው። ልጄ፣ ቅር እንዳይልሽ እንጂ ለዚህች መኪና አይሆንም። ሞተር ሳስነሳ ኤሌክትሪኩ ለአፍታ ወረድ ሲል እሱ ይጠፋና እንደገና ከሀ ሁ ይጀምራል። የመኪናው የዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰጠው ኃይል አይበቃውም። ሙሐባው "ለብቻው ኤሌክትሪክ እንሳብለት" አለ። ያ ማለት ሌላ ገመድ ነው፤ እኔ ደግሞ ከገመድ ጋር ተጣልቻለሁ።

ሱቅ ውስጥ ሌላ ርካሽ ቦርድ አሳየኝ፤ እሱ ደግሞ ለመኪናው "ስልክ ነኝ" ብሎ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ቀዳዳ የለውም። ያ ከሌለው ምን ያደርግልናል? በመጨረሻ ከመሳቢያው አንዲት አሮጌ ትንሽ ቦርድ አወጣ፤ ከማስቲካ ፓኬት ብዙም አትበልጥም። እሷ በመኪናው ኤሌክትሪክ ብቻ ትሠራለች። ቁልፍ ካዞርኩ በኋላ አባታችን ሆይን አራት ጊዜ ስደግም ስክሪኑ ይበራል። አዲሱ ዓይነት ከዚያ በግማሽ ይፈጥናል ብሎኛል ሙሐባው። ስለዚህ የምፈልገው ትንሿን ነው፣ አዲሱን ዓይነት፣ ከነማቀፊያዋ። የሚሞሪ ካርዱ ላይ ግን አትቆጥቢ፤ ኮረኮንቹ ደካማ ነገር አይወድም።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ገመዱን የጠላሁበትን ምክንያት ግን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

ከጥር ጀምሮ የቀኝ እጄ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ይደነዝዛሉ፣ ይንቀጠቀጣሉም። መጀመሪያ ብርድ ነው አልኩ። ቀጥሎ በእንቅልፍ ተጫንኩት አልኩ። እናትሽ ፊት ዳቦ በግራ እጄ መቁረስ ጀመርኩ፣ ቁልፍ ያለውን ሸሚዝ ተውኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ የያዘ ሰው እጁ ከዳው እንዲባል አልፈለግሁም። ጡረታዬም አራት ዓመት ነው የቀረው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከወንዙ ማዶ ካለው ቀበሌ ተደወለ። ማሪቱ የምትባል እናት ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ እያወጧት ነበር። አሠራራችንን ታውቂዋለሽ፤ መኪና የማይደርስበት ቤት ስለሚበዛ ሰዎቹ ተሸክመው እስከ መንገድ ያወጣሉ፣ እኔ እዚያ እጠብቃለሁ። በካርታው ላይ ያስቀመጥሽልኝ አርባ ሦስት ነጥብ የእነዚህ መገናኛዎች ነው። የዚያ ቀበሌ መገናኛ ወፍጮ ቤቱ ነው። አዋላጇ ሲስተር ናርዶስ ሌላ ምጥ ይዛ ስለነበር ብቻዬን ወጣሁ።

ዝናቡ ጣራውን ይደበድበዋል። እንደ ልማዱ ገመዱ ተነቀለ። ዳር ይዤ ቆምኩና ልሰካው ሞከርኩ። የስልኩ ቀዳዳ ምስር የምታህል ናት፤ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በሦስተኛው ተናደድኩና ስልኩን ወንበሩ ላይ ወርውሬ፣ ወፍጮ ቤቱን ያለ ካርታም አውቀዋለሁ ብዬ ነዳሁ።

ደርሼ ስልኩን እዚያው ወንበሩ ላይ ትቼ ወረድኩና ከቆርቆሮው ሥር ቆምኩ፣ ዓይኔ ቀጭኗ መንገድ ላይ ነው። ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ። ሰው የለም። ወደ መኪናው ተመልሼ ስልኩን ሳነሳው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አራት ጊዜ ደውላ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ሲያግዳቸው ማሪቱን ወደ ድሮው ትምህርት ቤት አዙረዋታል። ከወፍጮ ቤቱ ወደዚያ የሚያደርሰው ወደ አስፋልቱ ተመልሶ በዙሪያ ነው። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ።

ማሪቱ ቆሰበር ሆስፒታል ደርሳ ተረፈች። ልጇ አልተረፈም። ወንድ ነበር።

በመዝገቡ ላይ "ኔትወርክ አልነበረም" ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልጠየቀኝም። እዚህ እኛ ዘንድ ኔትወርክ አልነበረም ሲባል ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ እኔም ይህን አውቄ ነው የጻፍኩት።

በመስከረም የማሪቱ ባል ጎሹ ጤና ጣቢያ ድረስ መጣ፣ ማር ይዞልኝ። "ጋሼ፣ እርስዎ ባይደርሱልን ሚስቴንም አጥቻት ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ። ማሩን ተቀበልኩት፣ ልጄ። አሜን ብዬ ተቀበልኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው ገመድ አልባ ነገር አለ ወይ ብዬ የደወልኩልሽ። ገመዱ ከጠፋ ነገሩ ሁሉ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የሙሐባውን አሮጌ ቦርድ አስገጥሜ ታማሚ ይዘን ወደ ቆሰበር ወጣን፤ ናርዶስ ከጎኔ ናት። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ተደወለ፣ ስሙ ስክሪኑ ላይ መጣ፣ በግራ አውራ ጣቴ መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኜ አነጋገርኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ዳገቱ ላይ ስደርስ ማርሽ ልቀንስ ቀኝ እጄን ሰደድኩ። ጣቶቼ ማርሹ ላይ ተንሸራተቱ። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች፤ ከኋላችን ሰው የጫነ ሚኒባስ ነበር። ፍሬኑን ረገጥኩ። ናርዶስ እጇን እጄ ላይ ጭና ማርሹን አብራኝ አስገባች።

ትንሽ ከሄድን በኋላ "ጋሽ አድማሴ፣ ሲያስቸግርዎ የከረመው ገመዱ ነው ወይስ እጅዎ?" አለችኝ።

"ገመዱ ነው" አልኳት።

"ዛሬ እኮ ገመድ የለም" አለች።

ቆሰበር ስንደርስ ራሷ ይዛኝ ሐኪም ዘንድ ገባች። ነርቭ ነው አለ፤ ለምርመራ ባሕር ዳር ጻፈልኝ። እስከዚያ ድረስ መሪ እንዳትይዝ ብሎኛል። ሰኞ ቁልፉን አስረክባለሁ። መዝገቡንም አስወጥቼ በነሐሴው ገጽ ላይ የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም፤ ጡረታዬን ሊነካው ይችላል። ፈርቻለሁ። ከሁሉ የፈራሁት ግን ጎሹን ነው፤ እሁድ ቤቱ እሄዳለሁ። ደብዳቤውን እስከዚያ አላሽገውም።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ሄጄ መጣሁ። ሙሐባው በባጃጅ እስከ ወንዙ አደረሰኝ፣ ከዚያ በእግሬ ተሻገርኩ። ሁለቱም ቤት ነበሩ። ቁሜ ልናገር ብል ጎሹ ካልተቀመጡ ብሎ ግድ አለኝ። ለአንቺ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ እጄን፣ ገመዱን፣ ስልኩን መወርወሬን፣ መዝገብ ላይ መዋሸቴን።

ጎሹ ለሚስቱ በአዊኛ አንድ ነገር አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ጋሼ፣ ይህን ለምን ነገሩኝ? ዝም ቢሉኝ እርስዎን እያመሰገንኩ እኖር ነበር" አለኝ። ተነስቶም ወጣ። አልተሳደበም፣ በሩንም አልወረወረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማሪቱ ቀረች።

"ስንት ጊዜ ሞከሩት፣ ገመዱን?" አለችኝ።

"ሦስት ጊዜ።"

"አራተኛውንስ ምነው?" አለች። አልጮኸችም፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ መልሱን ስፈልግ መጣሁ።

ልጄ፣ ቦርዷን አሁንም ግዢልኝ። ለእኔ አይደለም። ከእኔ በኋላ ቁልፉን የሚረከበው ሰው ሁለቱም እጆቹ ጤነኞች ቢሆኑም፣ ቀኙ ማርሽ ላይ ግራው መሪ ላይ መዋል አለበት። በዝናብ መሀል ቆሞ ምስር የምታህል ቀዳዳ እንዳይፈልግ። አርባ ሦስቱም ነጥቦች ላይ ወንዝ ሲሞላ ወዴት እንደሚዞሩ ጨምሪበት፤ ዝርዝሩን ናርዶስ ትልክልሻለች።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። "ጥፋት የለብህም" ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። እናትሽ ዛሬ ማታ ስነግራት እንደዚያ ነው የምትለኝ፤ እሷ ትበል፣ ስለምትወደኝ ነው። አንቺ ግን የተማርሽው የተበላሸ ነገር የት ላይ እንደተበላሸ መፈለግ ነው። አንቺም እንደ እሷ ካልሽኝ እውነቱን ነግሬው እንደ እውነት የተቀበለኝ ሰው ቤቴ ውስጥ አይኖረኝም።

በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ። የጀመርሽውን ያስጨርስሽ፣ እጅሽንም ዓይንሽንም ይጠብቅልሽ። በልተሽ እደሪ።

አባትሽ
አድማሴ