ከመዲና መንገድ በላይ፣ ሰማይ ላይ የሆነው

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ከድር፤ ኮምቦልቻ።

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባዬ፣ እንዴት ነዎት? ጤናዎ እንዴት ነው? በክረምቱ ሲያስነክስዎት የነበረው ቀኝ እግርዎ ተሻለው ወይ? እማዬ መሪማስ እንዴት ናት፣ የደም ግፊቷ ወረደላት? ነስረዲንስ፣ ሀናንስ? ጎረቤቱ፣ ዘመድ አዝማዱ፣ የጓሮው ሎሚ ሳይቀር ደኅና ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከእናንተ ናፍቆት በቀር አካሌ ደኅና ነው። ልቤ ግን ግራ ተጋብቷል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎትም ለዚሁ ነው።

በስልክ ልነግርዎት ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነበር። ካርዱ እያለቀ ነገሩ ግማሽ ላይ ይቀራል፤ ግማሹን የሰማ ሰው ደግሞ ልጄን ምን ነካብኝ ብሎ እንቅልፍ ያጣል። አሁን ጓደኛዬ ሀሰና ኮንትራቷን ኸላስ ጨርሳ አገር ልትገባ ስለሆነ በእጇ ልኬልዎታለሁ። ነስረዲን ቀስ ብሎ ያንብብልዎት፤ እንደ ልማዱ እየዘለለ እንዳያነብ።

እዚህ ቤት ከገባሁ አራተኛ ዓመቴ መሆኑን ያውቃሉ። ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም፤ በወር ሁለት ጁምዓ ታስወጣኛለች። የበኩር ልጇ ፋሪስ አሁን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። አውሮፕላን ማብረር ይማራል፤ ብቻውን መብረር ከጀመረም ጥቂት ወራት ሆኖታል። እናቱ ስለምትፈራ ወሬውን መስማት አትወድም፣ አባቱ ቤት አይገኝም። ስለዚህ ኩሽና እየገባ ለእኔ ነው የሚያወራው። ዐረብኛዬ የተፈታውም በእሱ ወሬ ነው።

አንድ ቀን «ሰማዩ እንደዚህ ሰፊ ሆኖ አውሮፕላን ከአውሮፕላን እንዴት ይጋጫል?» ብዬ ጠየቅሁት። ጨው ቆንጥሮ ጠረጴዛው ላይ ረዥም መስመር ሠራና «ይቺ የመዲና መንገድ ናት» አለኝ። ከመንገዱ ወዲህ፣ በባሕሩ በኩል ያለው ሰማይ የእነሱ ትምህርት ቤት መለማመጃ ነው። ወዲያ፣ በተራራው በኩል ያለው ደግሞ የሌላ ትምህርት ቤት ነው። ሁለቱም የሚነሡት ከአንድ ሜዳ ነው። እዚያ ላይ አንተ ወዲህ፣ አንተ ወዲያ ብሎ ከመሬት የሚያዝ የለም። ስለዚህ አብራሪዎቹ ሁሉ አንድ የሬዲዮ ሞገድ ላይ ሆነው ማን እንደሆኑ፣ የት እንዳሉ፣ ከፍታቸው ስንት እንደሆነ፣ ወዴት ሊዞሩ እንደሆነ ይናገራሉ። ከመዞራቸው በፊት ደግሞ በዓይናቸው ግራ ቀኙን ይቃኛሉ። ሁለት ማንኪያ አንሥቶ ከጨዉ ወዲያና ወዲህ እያስኬደ ሲያሳየኝ ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። መኪናዎን እየነዱ ሐረጎ ላይ ጠመዝማዛው ጋ ሲደርሱ ማንም ሳይታይዎት ጥሩንባ ይነፉ የለ! «አባቴም እንደዚህ ነው የሚያደርገው» አልኩት። «ታዲያ አባትሽም አብራሪ ነዋ» ብሎ አሳቀኝ።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ስድስት ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት ነው። ፋሪስ ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሶላት መልስ መጣና ጫማውን ሳያወልቅ ኩሽና ገብቶ ተቀመጠ። ውሃ ብሰጠው ሳይቀምስ አስቀመጠው። «ኸይሪያ፣ ዛሬ ሰማይ ላይ የሰው ፊት አየሁ» አለኝ። መልአክ አይቶ ይሆን እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።

ለካ ሌላ አውሮፕላን ነው። በባሕሩ በኩል ጭጋግ ስለነበረ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ተራራው ዘልቋል። ይባስ ብሎ ሬዲዮውን ከጋራው ሞገድ ላይ አንሥቶ ከጓደኛው ጋር ለብቻቸው ወደሚያወሩበት አዙሮታል። ስለ ኳስ ነበር የሚያወሩት። ዞር ሲል ያች አውሮፕላን ፊቱን ሞላችው። መጀመሪያ የሁለት ሰዎች ፊት አየ፤ አንደኛው ተማሪ ነው፣ እጁን ዓይኑ ላይ አድርጓል። ወዲያው ሌላኛው ሰውዬ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ሽቅብ ስቦ በላዩ አለፈ። «የጎማዋ ጥርስ ታይቶኛል» አለኝ። የእሱም አውሮፕላን እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠች።

«ለአለቆችህ ተናገርክ?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። «በቦታዬ ነበርኩ፣ በሬዲዮም ተናግሬያለሁ ብዬ ጻፍኩ» አለ። ለማንም እንዳልነግር በአላህ ማይልኝ አለኝ። ፊቱ አሳዘነኝና ማልኩለት። የእኔ ጥፋት የጀመረው እዚያ ላይ ይሆን አባዬ? እስካሁን አላውቅም።

ዐሥር ቀን ቆይቶ በጁምዓ ዕረፍቴ ሸረፊያ ሰፈር፣ እትዬ ካሳነሽ ቤት ሄድኩ። ካሳነሽ ማለት በመጀመሪያው ዓመት ታምሜ ክሊኒክ ስሄድ በአማርኛ «አይዞሽ እህቴ» ያለችኝ ነርስ ናት። ክርስቲያን ናት፤ ቤቷ ውስጥ ግን የእኔ መስገጃ የሚቀመጥበት ቦታ አለ። ባሏ ካፒቴን አድነው አውሮፕላን እንደሚያስተምር አውቅ ነበር፤ የት እንደሚያስተምር ግን ጠይቄ አላውቅም።

በሩን ስትከፍትልኝ ዓይኗ አብጧል። ካፒቴኑ ጢሙን ሳይላጭ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። ልጃቸው ሕሊና ገና ሳልቀመጥ «አባባ አሁን አይበርም» አለችኝ። ካሳነሽ ኩሽና ወስዳ ነገረችኝ። መስመር ጥሰህ የሌላ ሰው ቦታ ገብተሃል፣ በሬዲዮም አልተናገርክም ተብሎ ከበረራ ታግዷል። የዚያኛው ትምህርት ቤት ልጅ በቦታዬ ነበርኩ ብሎ ፈርሟል። ወሩ ሲያልቅ አሠሪው፣ ከፊሉ፣ የመጨረሻ መውጫውን ኹሩጅ መትቶ ሊሸኘው ነው። «በዚህ ዕድሜው ስሙ ከጠፋ ማን አውሮፕላን ይሰጠዋል?» አለችኝ።

ምን ቀን ነበር አልኳት። ማክሰኞ አለች። ሳሎን ተመልሰን ካፒቴኑን «የልጁ አውሮፕላን ያን ያህል ቀርቦ ነበር ወይ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «የልጁን ጢም አይቻለሁ። ገና አሁን የበቀለ ጢም ነው» አለኝ። አባዬ፣ ያን ጢም እኔ አውቀዋለሁ።

መሐላዬ አፌን ያዘውና ምንም ሳልናገር ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ስሰግድ የረከዓው ቁጥር ይጠፋብኝ ጀመር። ብናገር እንጀራ በበላሁበት ቤት ላይ መመስከር ነው፤ ፓስፖርቴም የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማዬም በፋሪስ አባት፣ በባባ እጅ ነው። ዝም ብል ደግሞ ያ ሰውዬ ሽቅብ ስቦ ባያመልጥ ኖሮ እኔ በዚያ ማክሰኞ የፋሪስን ለቅሶ ነበር የምቀመጠው። እንግዲህ የልጁን ሕይወት ያተረፈው ሰው ነው በልጁ ቃል የሚባረረው። ይህንን አንድ ላይ ማሰብ አቃተኝ።

በሳምንቱ ሐሙስ ሁላችንም መካ ወረድን። የማዳም እናት፣ ሐጃ የምንላት አሮጊት፣ ጀርወል ሰፈር ውስጥ ነው ቤቷ። ሰገነቱ ላይ ልብስ ሳሰጣ ፋሪስ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ። ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። «ሰማይ ላይ ያየኸው ፊት ስም አለው። አድነው ይባላል። ሚስቱ ካሳነሽ፣ ልጁ ሕሊና ትባላለች። ቤታቸው በልቼ ጠጥቻለሁ። በአንተ ጽሑፍ ሊባረር ነው» አልኩት።

«ምለሽልኛል!» ብሎ ጮኸ።

«ምያለሁ። ለዚህ ነው ለእናትህ ትቼ ለራስህ የምነግርህ» አልኩት።

«ከተናገርሽ ነገ አገርሽ ትገቢያለሽ» አለኝና ወረደ። አራት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ተናግሮኝ አያውቅም። የቀረውን ልብስ እንዴት እንዳሰጣሁት አላስታውስም።

ያንኑ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ታላቁ መስጊድ፣ ሐረም ገባን። ፋሪስ ሐጃን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ፣ እኔ ጫማዋን ይዤ ካዕባን እየዞርን ጠዋፍ ጀመርን። አራተኛው ዙር ላይ ይመስለኛል፣ ሐሳቡ ሌላ ጋ ነበርና የወንበሩ እግር አንድ ሽማግሌን ተረከዛቸው ላይ መታቸው። በጉልበታቸው ወደቁ። ደግፈን ስናነሣቸው ፋሪስን አይተው «አላህ ይቅር ይበልህ ልጄ፣ አላየኸኝም» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ፋሪስ ሰዉ መካከል ደርቆ ቀረ። ከኋላ «ያላ! ያላ!» ይሉናል፣ እሱ ያለቅሳል። ሐጃ ምን ሆንክ ስትለው ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ነገራት። ግፋ ብላ ሰባቱን ዙር አስጨረሰችው። ሁለት ረከዓ ከሰገድን በኋላ ብቻ «አላየሁም ማለት ያለ ነው። በሌለህበት ነበርኩ ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ነው» አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ፋሪስ ትምህርት ቤቱ ሄዶ መስመሩን የተሻገርኩት እኔ ነኝ አለ። የሬዲዮውን ነገር ግን ደበቀ። እንደዚያም ሆኖ የካፒቴኑ እገዳ ተነሣ፣ ኹሩጁም ቀረ። በሚቀጥለው ጁምዓ ደስ ብሎኝ ሸረፊያ ሄድኩና ልጁ የእኛ ቤት ልጅ መሆኑን ነገርኳቸው። ካሳነሽ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «ያን ዕለት እዚህ ተቀምጠሽ ታውቂ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኩ። እስከምወጣ ድረስ ዓይኔን አላየችኝም።

የካፒቴኑ ግን ከሁሉም ባሰብኝ። «ልጁ ግማሹን ተናግሯል። ሌላውን ግማሽ ያልተናገርኩት እኔ ነኝ» አለ። ሬዲዮው ዝም ስላለ ሰማዩ ባዶ መስሎት ነበር። ለተማሪው እያስረዳ ስለነበረ ሲዞር በቀኝ በኩል አልቃኘም። «ዝም ያለ ሰማይ ባዶ ሰማይ አይደለም እያልኩ ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰውዬ ነኝ» አለኝ። ነገ ሄጄ እናገራለሁ ሲል ካሳነሽ «አንተ ሰው፣ ገና አሁን ነጻ ወጥተህ!» ብላ ጮኸችበት። «ካልተናገርኩ ከልጁ በምን እሻላለሁ?» አላት።

ሄዶም ተናገረ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡት፣ ከሥራው ግን አላስወጡትም። ፋሪስ ይህን ሲሰማ ሁለት ቀን ክፍሉን ዘግቶ ተቀመጠ፤ በሦስተኛው ቀን ሄዶ የሬዲዮውንም ጨምሮ ተናገረ። እንዳይበር አገዱት። የሁለቱ ትምህርት ቤት አስተማሪዎችም አሁን ጠዋት ጠዋት ተገናኝተው ማን የት እንደሚበር ይነጋገራሉ አሉ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በቅርብ ያለውን ጠባብ ሰማይም ማንም እንዳይለማመድበት ባዶ ትተውታል።

እንግዲህ ነገሩ በደኅና አለቀ ይሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ማን እንደበደለ፣ ማን እንደተበደለ መለየት አቅቶኛል። ማዳም ከሐጃ የሰማች ዕለት አቅፋኝ አለቀሰች፣ «ልጄን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ። በማግስቱ ስልኬን ወሰደችብኝና ከሦስት ቀን በኋላ ያለ ምንም ቃል ትራሴ ላይ አስቀምጣልኝ አገኘሁት። ፋሪስ ሰላም ይለኛል፣ ኩሽና ግን አይገባም። ማልኩለት፣ መሐላዬንም አላፈረስኩም፤ ታዲያ ለምን እንዳፈረሰ ሰው ሆድ ይብሰኛል? ቀድሜ ብናገር ኖሮ ካሳነሽ አትቀየመኝም ነበር። ጭራሽ ባልናገር ፋሪስ አይርቀኝም ነበር። እርስዎ ብዙ ሰው አስታርቀዋል፤ የትኛው ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ኮንትራቴ በሚመጣው ወር ያልቃል። እሑድ ዕለት ማዳም «ትቆያለሽ ወይስ ትሄጃለሽ? እንደ ልብሽ» አለችኝ። የትኛውን መልስ እንደምትፈልግ ፊቷን ባይ ባይ አልገባኝ አለ። ልቤ ደግሞ ራሱ ምን እንደሚፈልግ አይነግረኝም። ሂጂ ሂጂ ይለኛል፣ ሻንጣዬን ሳወርድ ደግሞ የእነሱን ልብስ ተኩሼ ሳልጨርስ ወዴት ይለኛል። ምክርዎን በነስረዲን ስልክ ይላኩልኝ፤ እንደፈረዱብኝ እሆናለሁ።

የፋሪስ እገዳ ተነሥቷል፤ በሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ ብቻውን ይወጣል። ዛሬ ጠዋት በኩሽናው በር ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ቅዳሜ ጠዋት ነው» ብሎኝ ሄደ። ደብዳቤው ከቅዳሜ በኋላ ቢደርስዎትም፣ አላህ ዘንድ የረፈደ ዱዓ የለምና ዱዓ ያድርጉልኝ። ለእሱ ብቻ አይደለም። በዚያች ሰዓት እዚያው ሰማይ ላይ ላለውም፣ ስሙን ለማላውቀው፣ እናቱ ቤት ለምትጠብቀው ሰው ጭምር ያድርጉልኝ።

ለእማዬ መሪማ እግሯን ስሜያለሁ፤ መድኃኒቷን ሳትቆራርጥ ትዋጥ። ነስረዲን ትምህርቱን እንዳይተው፣ ሞተር ብስክሌት ላይም ፍጥነት ይቀንስ። ሀናንን ዓይኗን ሳሙልኝ፤ የጠየቀችው ሽቶ በሀሰና እጅ አለ። ለእትዬ ዘኪያና ለልጆቿ፣ ለጋሼ ሐሩን፣ ለሰፈሩ ሰው በየስሙ ሰላም በሉልኝ። እርስዎም እግርዎን በብርድ አያውጡት።

ልጅዎ ኸይሪያ ከድር
ጅዳ፣ ጥር 9 ቀን 2004 ዓ.ም.