ጨው የሌለው መረቅ

ውድ ሃይላይ፣

በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን «ውድ» ብዬ ጠርቼህ አላውቅም። ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ነው ስለሚባል ጻፍኩት እንጂ ተናድጄብሃለሁ። በሙት ላይ መቆጣት ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳለቅስልህ ከርሜ አሁን ቁጣው ለብቻው መጣብኝ፤ ለማን ልናገረው?

ካዛንቺስ ያለው ቤታችን ሊፈርስ ነው። በሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈውበት ሄደዋል። ባለፈው ሳምንት ዕቃ ስሸክፍ ያን ግራጫ ኮትህን ለሰው ልሰጠው ብዬ ኪሱን ፈተሽኩ። ከውስጥ ኪሱ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ሐኪሙ የሰጠህ የምግብ ወረቀት ነው። ወዲያው አወቅኩት፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ ያነበብክልኝ ነው።

ከበሽታው በፊት ገበታዬን የማታውቅ ሰው ነበርክ። ምሳህን ከቢሮው ሾፌር ጓደኞችህ ጋር ጉተማ ሥጋ ቤት ትበላለህ፤ ማታም ቢራህን ጠጥተህ ትመጣና «ጠግቤያለሁ» ትላለህ። እኔ ሠርቼ፣ አቅርቤ፣ መልሼ አነሳለሁ። አንድ ቀን በንዴት ሰሃኑን ፊትህ አስቀምጬ «እጄ ላይ መርዝ አለ እንዴ?» አልኩህ። ሳቅክ። እኔም አብሬህ ሳቅኩ፤ ግን ከልቤ አልነበረም።

በሁለት ሺህ ዓ.ም. መስከረም ላይ የቀኝ እግርህ አውራ ጣት እንደ በርበሬ ቀልቶ አደረ። አንሶላው ሲነካህ ጮህክ። «የፍሬን እግሬ ነው!» ነበር ያልከው፤ ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለ ሥራህ። ሐኪም ቤት ሪህ ነው አሉ። ጎረቤታችን ሸዋአየሁ ልትጠይቅህ መጥታ «የነገሥታት በሽታ እኮ ነው፤ እንኳን ደስ ያላችሁ» ብላ አሳቀችን። ከዚያ ወረቀቱን አወጣህ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስክ አነበብክልኝ፦ ሥጋ አቁም፣ ጉበትና ኩላሊት አቁም፣ ዱለት አቁም፣ ቢራ አቁም፣ ጨው ቀንስ፣ ውሃ ጠጣ። አጥፈህ ኪስህ ከተትከው።

«ታዲያ ይሄ ሰውዬ ምን በልቶ ሊኖር ነው?» አልኩ። ብዙም አልቸገረኝ። እናቴ ወላድንም በሽተኛንም የምታነሳው በመረቅ ነበር። ሥጋው ቢከለከል ጉልበቱ መረቁ ውስጥ አይደል? ጉተማ ቅልጥም ያስቀምጥልኛል፤ እኔ ከዋዜማው ጀምሬ እቀቅላለሁ። ጭራሽ ሥጋ እንዳይነካህ በነጠላ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አጠለዋለሁ። ጨው ጠብ አላደርግበትም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የቢሮው ሰርቪስ ሳይመጣ፣ በሰማያዊው ኩባያ አመጣልህና እስክትጨርስ አጠገብህ እቆማለሁ። ጨርሰህ ኩባያውን ትገለብጥና «እጅሽ ይባረክ፣ ለተይ» ትለኛለህ።

በትዳራችን ሙሉ ሰምቼው የማላውቀው ቃል ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሽታህን ወደድኩት። ቤት አስገብቶልኛልና።

የሁለት ሺህ አንዱ ሁዳዴ ሲገባ «እፆማለሁ» አልክ። የንስሐ አባታችን «በሽተኛ ነው፣ መረቁን ቢጠጣ አይከፋም» ብለው ፈቅደው ሳለ እምቢ አልክ። ተጣላን። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ በድንችና በጎመን ከረምክ። እብጠቱ ጎደለ። ለሆሳዕና ጫማ አድርገህ ከቤት እስከ ኡራኤል በእግርህ ሄደህ በእግርህ ተመለስክ። በጾሙ የጠጣኸው ጠበል ነው ብዬ እልል አልኩ። የፋሲካ ለት ገና ሳይነጋ ኩባያውን ይዤ መጣሁ፤ ተቀብለኸኝ አየት አደረግከኝና ጠጣህ። በሳምንቱ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ፣ እግርህ ተመልሶ አበጠ።

«ጉተማ ጋ ሄደህ ነው! ማነው ያጎረሰህ?» ብዬ ጮህኩብህ። አንገትህን ደፍተህ «ጥፋቱ የኔ ነው» አልክ። ጉተማንም ደጁ ድረስ ሄጄ በሰው ፊት ሰደብኩት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አሉ። ሦስት ቀን አኮረፍኩህ፤ አኩርፌም ግን መረቁን አላስቀረሁብህም።

የቀረውን ታውቀዋለህ። ደምበል ጋ ፍሬን ልትይዝ ስትል ጣትህ እምቢ አለህና የፊተኛውን መኪና ገጨህ። ሰው አልተጎዳም፤ አንተን ግን ከመሪው አነሱህና ዘበኛ አድርገው ጥበቃ ቤት አስቀመጡህ፣ ቆይተውም አሰናበቱህ። ከዚያ ወዲያ ማስታገሻ መርፌ ሆነ ኑሮህ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዛህ ትወጋለህ። ኩላሊትህ ተያዘ ሲሉን ዓመት አልቆየም። ሆስፒታል ተኝተህ እንኳ መረቁን በፔርሙዝ ይዤልህ መጣሁ። ነርሷ «ምንድን ነው እሱ?» ስትል አፌን ሳልከፍት ቀደምከኝና «ሻይ ነው» አልካት። ከውጭ ምግብ አይገባም እንዳይሉን ብለህ መስሎኝ ነበር።

በሁለት ሺህ ሦስት ኅዳር ላይ ቀበርንህ።

እንግዲህ ወረቀቱን ይዤ ታች መድኃኒት ቤት ወዳለችው ወደ አርዋ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እንጃ፤ እንደገና ሲነበብ ልሰማው አማረኝ መሰለኝ።

«ይሄማ የሪህ ዳየት ነው እትዬ፣» አለችኝ። «ሥጋ፣ ጉበት፣ ኩላሊት... ቢራ... እዚህ ጋ ደግሞ የሥጋና የአጥንት መረቅ አይቻልም ይላል። ማለቴ፣ ሥጋው ውስጥ ያለው ነገር ሲቀቀል ወደ ውሃው ይወጣል፣ ከሥጋው እኩል ነው በቃ። እሱን በቀይ አስምረውበታል።»

«የት ጋ?»

በጣቷ አሳየችኝ። ከኩላሊትና ከቢራው መሃል ነው። ስታነብልኝ እሱን ዘለህ ነው ያለፍከው።

አርዋ ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ። ሌሊቱን አንድ ነገር ብቻ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ፦ ለሆድህ ብለህ ነው ወይስ ለእኔ? ከተከለከልከው ሁሉ ቅልጥሟን በድብቅ አስቀርተህ ከሆነ ይቅር እልሃለሁ፤ ያው ሆዳም ነበርክ ብዬ ዕረፍት አገኛለሁ።

በነጋታው ላንቻ፣ ዓብዱልሀሚድ ቤት ሄድኩ። አሥራ ስምንት ዓመት አንድ ቢሮ አብራችሁ ስትነዱ ከእሱ የደበቅከው ነገር አልነበረም። ባለቤቱ ነፊሳ አስገባችኝ። ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ነግሮኛል። ወላሂ፣ ስንቴ ለመንኩት መሰለሽ።»

«ቅልጥም አላስችለው ብሎ ነው፣ አይደል? እውነቱን ንገረኝ።»

ወደ ሚስቱ ዞረ። ነፊሳ «ንገራት እንጂ» አለችው።

«አትቀየሚኝ ለተሚካኤል» አለ። «እኛ የናንተን ሥጋ ስለማንበላ ቀምሼው አላውቅም። እሱ ግን የሰሃን እጣቢ ነው የሚመስለው፣ ትንፋሼን ይዤ ነው የምጨርሰው ይለኝ ነበር። ታዲያ ንገራታ! ስለው፣ ምን አለኝ? ሃያ ዓመት ገበታዋን ትቼ ውጭ ስበላ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ የሚያሳምመኝ ያንቺ እጅ ነው ልበላት?»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እጣቢ! ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ያጠለልኩት! ከዚያ ነፊሳ ይዛኝ አለቀስኩ።

ያከመህን ሐኪም ፈልጌ አገኘሁት። የገደልኩህ እኔ ነኝ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። መርፌውም፣ የቆየው ሪህም፣ የደም ግፊቱም ተደማምሮ ነው አለኝ። «መረቁስ?» አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

ጉተማን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ኮትህን ለማንም አልሰጠሁም። ከነገ ወዲያ ወደ ኮንዶሚኒየሙ እገባለሁ፤ ሰማያዊውን ኩባያ በፎጣ ጠቅልዬ ከራሴ ልብስ ጋር ከትቼዋለሁ። አሁንም አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እነቃለሁ፤ ተነስቼ የምሠራው ግን የለኝም።

ሞኝ ነህ፣ ሃይላይ። ታዝንብኛለች ብለህ ፈራህ። አዝን ነበር፤ ሦስት ቀን፣ ቢበዛ ሳምንት አኮርፍህ ነበር። ከዚያ ግን ውሃ አፍልቼ በዚያው ኩባያ አመጣልሃለሁ። እስክትጨርስም አጠገብህ እቆማለሁ።

ለተሚካኤል
ካዛንቺስ፣ ጥር ሁለት ሺህ አምስት ዓ.ም.