ሲስተር ሰርካለምን ያስነሣንበት ፊርማ

ለተከበሩ የቁንዲ ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የኅዳር ውርጭ ደጅዎን ሳይነካ ከነቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት እንዲከርሙልን፣ በተለይም በራስዎ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከመተኛት አምላክ እንዲሰውርዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የአንኮበሩ መሪጌታ ገብረአማኑኤል ይህን ምስጋና በአደባባይ የማቀርበው ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ነው።

፩. በመጀመሪያ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ዓምና የታመመ የማኅበራችንን አባል ልንጠይቅ አሥራ ዘጠኝ ሆነን ጸበል ይዘን ብንመጣ፣ የጽኑ ሕሙማንን ሕክምና ለይታ የተማረችው ብቸኛዋ ነርስዎ ሲስተር ሰርካለም፣ አንድ ሰው ብቻ እጁን ታጥቦ ይግባ ብላ በር ላይ አስቆመችን። በአገራችን የታመመን አለመጠየቅ ነውር ነውና ተቆጣን። ሕዝብን ንቃለች፣ ሃይማኖትን ደፍራለች የሚል አቤቱታ በሠላሳ አንድ ሰው ፊርማ ስናስገባ፣ እርስዎ አንዲት ቃል እንኳ ሳይጠይቋት በሁለተኛው ቀን ወደ ካርድ ክፍል አዛወሯት። የመታጠቢያው ቧንቧ ውኃ የለውም ብለን ከጻፍንልዎ ግን ሦስት ክረምት አልፏል።

፪. ቀጥሎም ስለ እኩልነትዎ አመሰግናለሁ። ነርስ ሁሉ ነርስ ነው ብለው ከጥርስ ክፍልም ከክትባት ክፍልም በየሳምንቱ እየቀያየሩ ደጋግ ልጆች መደቡልን። ደግነታቸውን አልክድም፤ ማንም ያላስተማራቸውን ከየት ያምጡት? በሲስተር ሰርካለም ጊዜ ከሰላ ድንጋይ በቃሬዛ የመጣ ሰው በእግሩ ሲመለስ አይተናል። ዛሬ በቃሬዛ የመጣው በቃሬዛ ይመለሳል፤ ማሽኖቹ ግን ያው ናቸው፣ አንድም አልጎደለም። እኔ ራሴ ዜማ ያልዘለቀ ሰው ማኅሌት ልምራ ቢል መቋሚያ ይዤ የምነሣ ሰው ነኝ። የራሴ ሙያ ብቻ ሙያ መስሎኝ ኖሯል።

፫. ሦስተኛውን ምስጋና ለመጻፍ እጄ እምቢ እያለኝ ነው። በሐምሌ ታናሽ ወንድሜ ወልደአረጋይ ሳንባው ታሞ ይዤው መጣሁ። ካርዱን ያወጣችልኝ ሲስተር ሰርካለም ነበረች። ቀና ብላ አየችኝና አወቀችኝ። እግዚአብሔር ይማርልዎ ካለች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ከአንድ ሰው በላይ እንዳይገባና ማሽኑ ሲጮኽ ችላ እንዳይባል ለመነችኝ።

አሥራ አራት ሆነን ገባን። ማንም አልከለከለንም። ጸሎት እንደጀመርን ማሽኑ ጮኸ፤ ተረኛው ልጅም እኛን አክብሮ፣ ጸሎታችን እንዳይረበሽ ድምፁን አጠፋው። እኔም መረቅሁት። ለካ የወንድሜ መተንፈሻ ቱቦ በአክታ ተዘግቶ ነበር፤ የሠለጠነ እጅ በደቂቃ ይጠርገው እንደነበር ሐኪሙ ኋላ ነገረኝ። አቡነ ዘበሰማያት ደግመን ስንጨርስ ወልደአረጋይ አርፎ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ አፍሬአለሁ። የእጅ ጽሑፉ ያምራል ተብዬ ያን አቤቱታ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያው ፊርማም የእኔ ነው። የእጄን አገኘሁ እንዳልል የከፈለው ወንድሜ ነው። ፊርማዬን አንሥቻለሁ፣ ሲስተር ሰርካለም ትመለስ ብዬ ካመለከትሁ አራት ወር ሆነኝ። ለመነሣቷ ሁለት ቀን የበቃው ጽሕፈት ቤትዎ ለመመለሷ ኮሚቴ ያስፈልጋል ብሎኛል። ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ።

ቸር ይግጠመን እያልሁ፣ ከማይነጥፈው አክብሮቴ ጋር እጅ የምነሣ፣
ሠላሳ ሰው አስፈርሞ ወንድሙን የቀበረው
መሪጌታ ገብረአማኑኤል፣ ከአንኮበር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ወር እናትዎ በጠና ታመው፣ ጽኑ ሕሙማንን ለይቶ የተማረ ባለሙያ ወዳለበት ወደ አዲስ አበባ እንደወሰዷቸው ሰማሁ። የመላኪያ ወረቀቱን በካርድ ክፍሉ መስኮት ስትሰጥዎ፣ ሲስተር ሰርካለም በመንገድ ላይ ምን ምን እንዲጠብቁ አንድ በአንድ ነግራዎታለች አሉ። እርስዎ እንደ እኔ አይደሉም፤ ሰሟት። እናትዎም ድነው ተመለሱ፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረልን። እርሷ ዛሬም መስኮቱ ላይ ናት።