ይሉኝታ የወሰደው መጭመቂያ

ታዴ ጓዴ፣

ከተለየኸን ስምንተኛ ወሩን ያዘ። እንደ ወጉ ቢሆን ነፍስህን በገነት ያኑርልኝ ብዬ በእንባ መጀመር ነበረብኝ። እሱን በቤተ ክርስቲያን ብዬልሃለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ይህን የምጽፍልህ ግን ስለተናደድኩብህ ነው። በሕይወት እያለህ ብነግርህ ሳቅ ብለህ ትከሻዬን ነካ ታደርግና «ተይው እስቲ ምንቴ» ትለኝ ነበር፤ እኔም ሞኟ እተወው ነበር። አሁን መሳቅም ትከሻ መንካትም አትችልም። ስለዚህ እስክጨርስ ትሰማኛለህ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። በዚህ በስደት ከተማችን፣ ካንሳንጋ ሰፈር የነበረውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ለቀናል። ርቀን አልሄድንም፤ እዚያው ሰፈር ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ አንዲት ክፍል ይዘናል። አልጋውና ቁም ሳጥኑ አብረው ስለማይገቡ ቁም ሳጥኑ ተሸጠ። ኮቶችህን ጠቅልዬ ከአልጋው ሥር አስገብቻቸዋለሁ። ጎመኑን በጆንያ መትከሉን አልተውኩም፤ አንተ እንዳሳየኸኝ የጆንያውን ጎን እየቀደድኩ በየቀዳዳው ችግኝ እሰካለሁ፣ ሩዝ ያጠብኩበትን ውሃ አጠጣዋለሁ። ጎመን ከገበያ ከገዛን ቆየን፤ የተረፈውንም ለጎረቤት እሸጣለሁ። ቦሎቄውን ቀድሜ ዘፍዝፌ ስለምቀቅል ከሰሉ ይበረክታል። ይህን የምዘረዝርልህ ሙያ የሌላት ሴት ናት የምትነጫነጨው እንዳትለኝ ነው። እኔ ቋጥሬ አስቀምጥ ነበር፤ ቋጠሮውን እየፈታህ የምትሰጠው አንተ ነበርክ።

ያን የመጀመሪያውን የኮሮና ዓመት መቼም አትረሳውም። ናካዋ ሰፈር አንተ የምትሠራበት የብየዳ ቤት ተዘጋ፣ ታክሲው ቆመ፣ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ሰው እንዳይጭን ተከለከለ። የከሰል ዋጋ ደግሞ አልቀመስ አለ። አንተ እጅህን አጣጥፈህ መቀመጥ አይሆንልህምና ከሰል ሻጯ ማማ ናካቶ ዘንድ ሄደህ ከጆንያዎቿ ሥር የቀረውን ድቃቂ ጠራርገህ አመጣህ። ቦይ ውስጥ የምትደፋው ነበርና ስትወስድላት አመሰገነችህ። ድቃቂውን በካሳቫ ሙቅ ለውሰን በእጃችን አድበለበልነው፤ ሲደርቅ ፈረሰ። ሙቁን አወፈርነው፤ ያም ፈረሰ። ከዚያ የቧንቧ ቁራጭ፣ ውዳቂ ብረትና አንድ አሮጌ ክሪክ ለቃቅመህ መጭመቂያውን ሠራህ። የመጀመሪያው ከሰል ከቧንቧው ውስጥ ድፍን ብሎ ሲወጣ ፊትህ በጥላሸት እንደተለቀለቀ ጨፈርክ። እኔም አብሬህ ጨፍሬአለሁ፣ አልክድም። በቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስመትተን፣ ሲጊሪ በሚሉት የከሰል ምድጃ ላይ ሞከርነው፤ ቦሎቄው በስሎም እሳቱ አልሞተም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከሰል ገዢ መሆናችን ቀርቶ ሻጭ ሆንን። ቻፓቲና እንቁላል ጠቅልለው ሮሌክስ የሚሸጡት ልጆች ደንበኞቻችን ሆኑ። የቤት ኪራዩ ከዚያ ወጣ፣ የልጃችን የቤዛ ጫማ ከዚያ ተገዛ።

ከዚያ አንተ ምን አደረግህ? ለአገሩ ሁሉ አስተማርክ።

የጽዋ ማኅበራችን በበሽታው ምክንያት መሰብሰብ ሲያቅተው አንተ በየቤቱ እየዞርክ ሙቁ እንዴት እንደሚወፍር፣ አመዱ ምን ያህል እንደሚገባ አሳየህ። እኔ ከራስ በላይ ነፋስ ስልህ አንተ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ትለኛለህ። ለሁሉም ይበቃል ትለኛለህ። አልበቃም፣ ታዴ! ድቃቂውን የሚፈልገው ሰው ሲበዛ ማማ ናካቶ ነቃችና በባልዲ ዋጋ አወጣችለት። ትናንት ቦይ ውስጥ ስትደፋው የነበረውን ዛሬ ከዕቃዋ ሁሉ ከፍ አድርጋ አስቀምጣ ትሸጥልኛለች። እሷን አልቆጣትም፤ ነጋዴ ናት። ከነጋዴ ጋር የምኖር መስሎኝ የተታለልኩት እኔ ነኝ።

ይህም ባልከፋ። ጭራሽ መጭመቂያውን አዋስከው። ናካዋ ገበያ አጠገብ ቲማቲም ለሚቸረችሩት ለማኅበርተኛችን ለእትዬ ጽጌ፣ ለጥቂት ቀን ብለህ ሰጠህ። ጥቂቱ ቀን እያደር ሳምንታት ሆነ። ሰኔ ላይ ከተማው እንደገና ተዘጋ፣ አንተንም ሳል ጀመረህ። እባክህ ደውልላቸውና መልሱ በላቸው ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩህ? የሰጡትን መልሱ ማለት ነውር ነው አልከኝ፤ ሲጨርሱ ራሳቸው ያመጡታል አልከኝ። ደረትህ እያፏጨ እንኳን የምትጨነቀው እትዬ ጽጌ እንዳይቀየሙህ ነበር። ስለ በሽታው አልወቅስህም፤ እሱ የእግዚአብሔር ሥራ ነው። በዚያው ሰኔ ጥቂት ሰው ብቻ እንዲገኝ ተፈቅዶ ቀበርንህ፤ ድንኳን የለ፣ ለቀስተኛ የለ፣ ለወጉ እንኳን በቅጡ አልተለቀሰልህም። እኔ ከመቃብሩ ስመለስ ቤት ውስጥ ባል የለ፣ መጭመቂያ የለ። አንዱን እግዚአብሔር ወሰደው፤ ሌላውን የወሰደው ይሉኝታህ ነው።

አሁን ደግሞ የማታውቀውን ልንገርህ፤ ቁጭ ብለህ ስማ። ልጅህ ቤዛ ሰው ቤት ገብታ ሠራች። አዎ፣ አንቺ ሐኪም ነው የምትሆኚው እያልክ የምታሞላቅቃት ቤዛ። ኮሎሎ አንድ ነጋዴ ቤት የሕፃን ጠባቂ ሆና የሰው ልጅ አዝላ ትውል ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ኪራይ አለ፣ እኔ በእጄ ያድበለበልኩት ከሰል እየፈረሰ ማንም አይገዛኝም። ምን ላድርግ? ራሷ ናት ሥራውን ያገኘችው፣ ራሷ ናት እሄዳለሁ ያለችው። በመጀመሪያ ለትንሽ ጊዜ ነው ተባባልን። በኋላ ሴንቴ የሚሉትን ገንዘብ አምጥታ እጄ ላይ ስታስቀምጥ አንገቷን ቀና ማድረግ ጀመረች፣ አነጋገሯም ተለወጠ። ታኅሣሥ ላይ ትምህርት ቤቶች በጥር ይከፈታሉ ተብሎ ሲነገር ደስ ብሎኝ ብነግራት፣ እኔ አልመለስም፣ ማን ይከፍልልኛል፣ እዚሁ ይሻለኛል አለችኝ። በአሥራ አራት ዓመቷ! የዚያን ዕለት መጭመቂያውን ካላስመጣሁ ምንትዋብ አይደለሁም ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

ናካዋ ስደርስ እትዬ ጽጌ ገና ከበሩ ሲያዩኝ ደረታቸውን እየደቁ ለቅሶ ጀመሩ። ቀብርህ ላይ ስላልነበሩ ያልተለቀሰልህን ሁሉ በእኔ ላይ አወረዱት። አብሬ አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ። ማቶኬ የሚሉትን የተቀቀለ ሙዝ አቀረቡልኝ፣ በላሁ። አንተ እንዴት ያለህ ደግ እንደነበርክ ነገሩኝ፣ ሰማሁ። በመጨረሻ ስለ መጭመቂያው ስጠይቅ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ሜንጎ ላሉት ለጋሽ ሙሌ እንዳሳለፉት ነገሩኝ። የሰው ዕቃ፣ ባለቤቱን ሳይጠይቁ! ግን የደግ ሰው ዕቃ ለቸገረው እምቢ አይባልም አሉኝ። ታየህ? የአንተኑ ቃል ነው የመለሱልኝ።

ከናካዋ ሜንጎ በዚያ መጨናነቅ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ንዴቴን ሳበስል ደረስኩ። ጋሽ ሙሌን ታስታውሳቸዋለህ፤ ለሰው መኪና ይነዱ የነበሩት፣ ከሥራ የተቀነሱት ሽማግሌ። እሳቸውም አለቀሱ፣ እሳቸውም አመሰገኑህ። መጭመቂያው ከበሩ ጀርባ ቆሟል። በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ዘይት ተቀብቷል፣ አንዲት የከሰል ብናኝ የለበትም። የሠሩበት ከብዙ ጊዜ በፊት እንደሆነ ያስታውቃል። ታዲያ ሥራ ከጨረሱ ለምን አላመጡልኝም አልኳቸው። ጋሽ ሙሌ ከሀፍረት የተነሳ ላብ አጠመቃቸው። «ባዶውን? ልጄ፣ ሐዘን ቤት ባዶ ዕቃ አንጠልጥዬ እንዴት ልግባ? ስኳር ቢጤ እንኳን ላገኝ እየጠበቅኩ እኮ ነው» አሉኝ። ቆይቼ ሳስበው የእትዬ ጽጌም ነገር ይኸው ነው፤ ቆሞ ሲያዩት ሀፍረቱ ስለከበዳቸው ለሌላ አሳለፉት።

ሰማህ፣ ታዴ? ማንም አልሰረቀንም። ማንም አልከዳንም። ቤት ያስለቀቀን፣ ቁም ሳጥናችንን ያሸጠን፣ ልጅህን የሰው ልጅ ያሳዘላት ያልተገኘ አንድ ኪሎ ስኳር ነው! የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም ተብሎ። እኔም እኮ ያደግኩት በዚሁ ነው፤ የጎረቤት ሳህን ትንሽ ነገር ሳላደርግበት መልሼ አላውቅም። ግን ሳህን ሳህን ነው። ያ ብረት የልጄ ትምህርት ቤት ነበር። እሳቸው ጨዋ ሆነው፣ አንተ ጨዋ ሆነህ፣ እኔም ለወራት ዝም ያልኩ ጨዋ ሆኜ፣ በሦስታችን ጨዋነት መካከል ቤዛ ኮሎሎ ዳይፐር ትቀይራለች።

ጮህኩባቸው። ጋሽ ሙሌን፣ አባቴ የሚሆኑትን ሰው፣ ጎረቤት እስኪወጣ ጮህኩባቸው። ልጄን በስኳር አላስተምራትም፣ ባዶውን ነው የምፈልገው አልኳቸው። ባለቤታቸው እስኪመጡ ትንሽ ቆዪ፣ የምትይዢው ነገር ይፈለግ ብለው ሊይዙኝ ሲሞክሩ ብረቱን አቅፌ ወጣሁ። ቦዳ ላይ በእኔና በነጂው መካከል አስቀምጬው እስከ ካንሳንጋ መጣሁ። መንገዱን ሙሉ ስሰድብህ ነበር፤ ነጂው ስልክ የማወራ መስሎት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ጊዜው ደረቅ ስለነበር ከሰሉ ቶሎ ይደርቅልኛል። ድቃቂውን ከማማ ናካቶ እየገዛሁ፣ ከሮሌክስ ልጆቹ በተጨማሪ ሁለት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አስለመድኩ። ቤዛን ኮሎሎ ድረስ ሄጄ፣ አሠሪዋን አመስግኜ፣ ልብሷን ጠቅልዬ አመጣኋት። አኩርፋ ነው የመጣችው። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ዘግይታ ገባች። የድሮው የትምህርት ቤት ቀሚስ ከጉልበቷ በላይ ስለቀረ ጫፉን ፈትቼ ሌላ ጨርቅ ቀጠልኩበት፤ ቀለሙ አልገጠመም፣ እሷም ነገረችኝ። ግን ሄደች። በየቀኑ ትሄዳለች።

መጭመቂያው ከግቢ አይወጣም። ይህን ደንብ አውጥቻለሁ። መጠቀም የፈለገ ድቃቂውን ይዞ ይምጣ፣ እዚሁ ይጭመቅ፣ ከጨመቀው ላይ ጥቂት ለእኔ ይተው። ያኮረፉኝ አሉ፤ ባሏ ሲሞት ጊዜ ከፋች የሚሉም አሉ። ይበሉ። በደንቡ ተስማምተው የሚመጡት በዝተዋል፤ ቅዳሜ ግቢያችን ገበያ ነው። ይህን ያኔ ብናደርገው ኖሮ ለሁሉም ይበቃል ያልከው ሳይደርስ አይቀርም ነበር፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ የመጣች ልጅ፣ አራስ ናት፣ ቤቴ ወስጄው ልመልሰው ብላ ለመነችኝ። አይሆንም አልኳት። አንጀቴ አልቻለም፣ ግን አይሆንም አልኩ። ልጅቱ ስትወጣ ቤዛ ከደብተሯ ላይ ቀና ብላ «አባቴ ቢሆን ይሰጣት ነበር» አለችኝ። አዎ ይሰጣት ነበር፣ የሰው ልጅ ያዘልሽውም ለዚህ ነው አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ አዘንኩ፣ ግን እውነት ነውና አልመለስኩትም። ቤዛ ፊቷ ቀላ፣ እንባዋ መጣ፤ «እሱን እንዳትሰድቢብኝ!» ብላ ጮኸችብኝ። እኔ ላይ ጮኻ አታውቅም። ከኮሎሎ አኩርፋ ከመጣች ወዲህ ስላንተ አንድም ቃል ስትተነፍስ አልሰማኋትም ነበር።

መቆጣት ነበረብኝ፤ ደስ አለኝ። ጠበቃ አለህ ማለት ነው። ስለዚህ ሥራውን ተካፍለነዋል፣ ታዴ። ደግነትህን እሷ ትያዝልህ፣ ጥፋትህን እኔ እይዝልሃለሁ። ይቅር እስክልህ ድረስ አልረሳህም፣ ይቅር ማለቱንም አልቸኩልበትም። በእሷና በእኔ መካከል ከአንተ ምንም አይጠፋም።

ምንትዋብ